ከደጋ የተጠበቀ ባሕር፦ የባሕር ነጋሽ ሹመት ከሮም የባሕር ዳርቻ አዛዦች ጋር ሲነጻጸር

መግቢያ

በ1557 በኦዝደሚር ፓሻ የሚመራ የኦቶማን ጦር ምጽዋን ያዘ። ቀጥሎም በየብስ በኩል ያለችውን ሕርጊጎን ተቆጣጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ደጋው ወጥቶ ድባርዋ ገባ። በዚያን ጊዜ የዚህ ዳርቻ ጠባቂ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ነበር። ማዕርጉ የባሕር ገዥ ማለት ነው፤ ይሁንና ስለ እርሱ በሚናገሩት ምንጮች ውስጥ የሚያዝዛቸው የጦር መርከቦች አይታዩም። መቀመጫውም በጠረፍ ሳይሆን ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ፣ በዚያችው በድባርዋ ነበር።

መርከብ የሌለው የባሕር ገዥ ምንን ይገዛል? ማዕርጉን ከአክሱም ዘመን የተረፈ የክብር ስም ብቻ አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው። በሌላ በኩል ምጽዋ መያዟን አይቶ ሹመቱ ተልእኮውን ያልተወጣ ነበር ብሎ መደምደምም ይቻላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱም አነባበቦች ሹመቱን በተሳሳተ ሚዛን እንደሚመዝኑት ያስረዳል። የባሕር ነጋሹ ሥራ ባሕሩን በባሕር ላይ መጠበቅ አልነበረም፤ ከባሕሩ ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድና ከዚያ የሚገኘውን ቀረጥ መያዝ ነበር። ይህን ግልጽ ለማድረግ ሹመቱን በተመሳሳይ ችግር ፊት ከቆመ ሌላ ሹመት፣ ማለትም በኋለኛው የሮም መንግሥት የብሪታንያንና የጎልን ዳርቻ ከባሕር ወራሪዎች ይጠብቁ ከነበሩት አዛዦች ጋር እናነጻጽረዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳክሶን ዳርቻ አዛዥ

ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ ፍራንኮችና ሳክሶኖች በመርከብ እየመጡ የጎልንና የብሪታንያን ዳርቻዎች ይዘርፉ ነበር። አመጣጣቸው ሀገር ለመያዝ አልነበረም፤ በወንዝ አፍ ገብተው፣ ያገኙትን ጭነው፣ ጦር ሳይደርስባቸው ለመመለስ እንጂ። ሮም ቀድሞ በዚያ ባሕር ላይ የብሪታንያ ባሕር ኃይል የሚባል ጓድ ነበራት፤ የዚህ ጓድ ስም ግን ከ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከጽሑፎች ይጠፋል። በቦታው ጎልተው የሚታዩት በወንዝ አፎችና በወደቦች አጠገብ የተሠሩ፣ ወፍራም ግንብና ወደ ውጭ የወጡ ማማዎች ያሏቸው ምሽጎች ናቸው።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተጠናቀረው ኖቲቲያ ዲግኒታቱም የተባለው የሹማምንት መዝገብ በብሪታንያ የሳክሶን ዳርቻ ኮሜስ የሚባል አዛዥን ይመዘግባል። ከሥሩም ዘጠኝ ምሽጎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል ዛሬ ዶቨር፣ ሪችቦሮ፣ ሬካልቨር፣ ብራንካስተርና ፔቨንሲ በሚባሉት ቦታዎች ያሉት ይገኙበታል። ለንጽጽራችን ወሳኙ ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። ለዚህ አዛዥ የተመደቡት እግረኞች፣ ፈረሰኞችና የቅኝት ጓዶች ናቸው፤ በስሙ የተመዘገበ የመርከብ ጓድ የለም። መርከቦች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ መዝገቡ የአዛዡን ክብደት የሚለካው ግን በየብስ ጦሩና በያዛቸው ቦታዎች ነው።

ምሽጎቹ ለምን እንደተሠሩ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። የቆየው ሐሳብ ወራሪን ለመመከት የተዘረጋ መስመር እንደነበሩ ይናገራል። ሌላው ሐሳብ በጥበቃ የታጠሩ የመንግሥት ወደቦች እንደነበሩ ያስረዳል፤ ከብሪታንያ የሚሰበሰበው እህልና ግብር በእነርሱ በኩል ተጠብቆ በአውሮፓ ወዳለው ጦር ይሻገር ነበር። በእኛ ጽሑፎች ዑልያኖስ ከሃዲ የሚባለው ንጉሥ፣ ገና ከመንገሡ በፊት፣ በራይን ወንዝ ላይ ለነበረው ጦር ከብሪታንያ እህል በመርከብ ማስመጣቱ ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሆናል። ሁለቱ ሐሳቦች የግድ አይጋጩም። ወደብን ከዝርፊያ መጠበቅና በወደብ የሚያልፈውን ገቢ መያዝ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ይህ ነጥብ ወደ ቀይ ባሕር ስንመለስ ይጠቅመናል።

አዱሊስ፦ የቀደመው ልምድ

በ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ፣ ማለትም ፔሪፕለስ፣ ስለ አዱሊስ ሲናገር አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር ይጠቅሳል። ነጋዴዎች ቀድሞ መርከባቸውን የሚያቆሙት ለየብስ በጣም በቀረበች ደሴት ነበር፤ ነገር ግን በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ጥልቀት በሌለው ውሃ በእግር ተሻግረው ስለሚወርዱባቸው ወደ ሌላ፣ ከየብስ ወደራቀች ደሴት ተዛወሩ። እንግዲህ በዚህ ዳርቻ ላይ የመጀመሪያው የጽሑፍ ምስክር የሚያወሳው የጸጥታ ችግር ከባሕር ወደ የብስ የሚመጣ ሳይሆን ከየብስ ወደ ባሕር የሚሄድ ነው። የንግዱ ደኅንነት በየብሱ ላይ ባለው ሥልጣን ላይ ይመካ ነበር።

አክሱም ሲበረታ ይህ ሥልጣን ባሕሩን ተሻገረ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው፣ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳሉ ሕዝቦች የባሕርና የየብስ ጦር ልኮ እንዳስገበራቸው ይናገራል። ያስገደዳቸውም ግብር እንዲከፍሉ ብቻ አልነበረም፤ የየብስና የባሕር መንገደኛ በሰላም እንዲያልፍ ጭምር እንጂ። የዘረፋ መከላከያው ወራሪውን በባሕር ላይ ማሳደድ ሳይሆን የሚነሣበትን ዳርቻ መግዛት እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

የዚህ ኃይል መርከቦች ከየት መጡ? በ525 ንጉሥ ካሌብ ወደ ሕምየር የዘመተበት ታሪክ መልሱን ያመለክታል። የቅዱስ ሒሩት ገድል በግሪክኛው ቅጂ በአዱሊስ ወደብ በገበዛ የተሰበሰቡትን ስልሳ መርከቦች እንደየመጡበት ቦታ ይቆጥራል፦ 20 ከቅሊስማ፣ 15 ከአይላ፣ 7 ከዮታቤ፣ 2 ከበረኒቄ፣ 7 ከፈረሳን፣ 9 ከሕንድ። አብዛኞቹ የሮም ግዛት ወደቦች መርከቦች ነበሩ። ንጉሡ በራሱ በኩል ያሠራቸው ቢኖሩም የዘመቻው ማጓጓዣ በዋናነት ከንግድ ዓለም የተሰበሰበ እንጂ ቋሚ የጦር ጓድ አልነበረም። ወደቡን የያዘ ንጉሥ መርከብ ባስፈለገው ጊዜ ማግኘት ይችል ነበር፤ ወደቡን ያጣ ግን አይችልም።

ይህ የኋላው ሁኔታ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተለወጠ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች በ702 ገደማ ከሐበሻ ወገን የመጡ የባሕር ወራሪዎች ጅዳን እንደመቱ ይናገራሉ። የኡመያ መንግሥት የሰጠው መልስ ቀደም ሲል አክሱም የተከተለውን መርሕ የሚመስል ነበር፤ የዳህላክን ደሴቶች ያዘ። የደሴቶቹ መያዝ የደጋውን መንግሥት ከባሕሩ ንግድ አልነጠለውም፤ የባሕሩን ገጽ ግን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ በኋላ የሚመጡት የደጋ ነገሥታት ሁሉ የሚነሡት ከዚህ እውነታ ነው፦ ደሴቶቹ የሌላ ናቸው፣ መንገዱ ግን የእነርሱ ነው።

የዘርዐ ያዕቆብ ሥርዓት

የዳርቻውን አስተዳደር በአንድ እጅ የመሰብሰብ ሙከራ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን በፊትም ይታያል። ዓምደ ጽዮን የሰሜኑን ዓመፀኛ የእንደርታ ገዥ ካስወገደ በኋላ በአካባቢው ከሌላ ሀገር የመጣ ጦር አሰፈረ፤ ቆይቶም ልጁን ባሕር ሰገድን ማእከለ ባሕር በሚል ማዕርግ ሾመው። ግዛቱን በንጉሡ ልጅ እጅ ማስገባቱ ቤተ መንግሥቱ ለዳርቻው የሰጠውን ግምት ያሳያል።

ሥርዓቱን በተሟላ መልኩ ያቆመው ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ንጉሡ ባሕር ነጋሹን ከአካባቢው ሹማምንት ሁሉ በላይ አደረገው፤ የሽሬና የሰራዬ ገዥዎች፣ የሐማሴን ካንቲባዎችና የቡር ሥዩም በእርሱ ሥር ሆኑ። በዚሁ ዘመን ማያ የተባሉ ጨዋ ወታደሮች በሐማሴን እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ1450 ገደማም ከምጽዋ ትይዩ በየብሱ ላይ ግራር የተባለ ወደብ ተመሠረተ፤ በ1464/65 ደግሞ ምጽዋና ዳህላክ በንጉሡ ጦር እንደተመቱ አጭሩ ዜና መዋዕል ይመዘግባል።

እነዚህን አራት እርምጃዎች አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። የመጀመሪያው የተበታተኑ ሹመቶችን በአንድ አዛዥ ሥር ያደርጋል። ሁለተኛው ለአዛዡ ከአካባቢው ባላባቶች ጋር ዝምድና የሌለው ጦር ያቆማል። ሦስተኛው ንግዱን ከደሴቱ ነጋዴዎች እጅ አውጥቶ ወደ የብስ ለመሳብ ይሞክራል። አራተኛው፣ ደሴቶቹን ቀጥቶ መመለስ እንጂ ይዞ መቆየት አልነበረም። ከአራቱ አንዱም ባሕር ላይ ቋሚ ጓድ ስለማቆም አይደለም። ሁሉም ከየብሱ ተነሥተው ባሕሩን የሚመለከቱ ናቸው።

ወደብ፣ መንገድ፣ ደጋ

ይህ አሠራር ከመልክዐ ምድሩ የመነጨ ነው። የምጽዋ ደሴት የተፈጥሮ ምንጭ የላትም፤ ነዋሪዎቿ የዝናብ ውሃ በጉድጓድ ያጠራቅማሉ፣ የሚጎድለውንም ከየብስ ያስመጣሉ። እህሉ፣ ቅቤው፣ ከብቱና የጭነት እንስሳው የሚመጡት ከበረሓው ዳርቻና ከደጋው ነው። ከጠረፉ አንሥቶ እስከ ሐማሴን አምባ ድረስ ያለው አቀበት ለመንገደኛ አድካሚ፣ ለጥቂት ጠባቂ ደግሞ ምቹ ነው። እንግዲህ ከመርከብ የወረደ ሁሉ፣ ነጋዴም ይሁን ወራሪ፣ መንገዱን የያዘው ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ያየው ይህንኑ ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር የፖርቱጋል መርከቦች ምጽዋ ሲደርሱ የደሴቷ ነዋሪዎች ወደ ሕርጊጎ ሸሹ። መጀመሪያ ሊቀበላቸው የመጣው የሕርጊጎ ሹም ነበር፤ ይህ ሹም ለባሕር ነጋሹ ይታዘዝ ነበር። የደብረ ቢዘን መነኮሳትም ወረዱ። ባሕር ነጋሹ ራሱ የመጣው በመጨረሻ፣ ፈረሰኛና እግረኛ አስከትሎ ነው። ከፖርቱጋሉ አዛዥ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ለባሕሩ ይቅረብ ወይስ ከባሕሩ ይራቅ በሚለው ላይ መግባባት ጊዜ ወሰደ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ መንገድ ተጉዘው መሐል ሜዳ ላይ ተገናኙ። ይህ ተራ የክብር ክርክር ብቻ አይመስልም። የመርከቡ አዛዥ ከመድፉ፣ ባሕር ነጋሹም ከአቀበቱ መራቅ አልፈለገም፤ እያንዳንዱ ኃይሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ያውቅ ነበር።

አልቫሬዝ የባሕር ነጋሹ ግዛት እስከ መረብ ወንዝ እንደሚደርስና ከወንዙ ማዶ የትግራይ መኰንን ግዛት እንደሚጀምር ይናገራል። ወደ ንጉሡ ከሚላከው የባሕር ነጋሹ ግብር መካከልም ፈረሶችና ከባሕር ማዶ የመጡ ጨርቆች ይገኙ ነበር። ጨርቁ የሹመቱን መሠረት ይነግረናል፤ ባሕር ነጋሹ የሚገብረው ከእርሻ ብቻ ሳይሆን ከወደብ ነው። የሮሙ ኮሜስ ጦሩን የሚያኖረው ከመንግሥት ግምጃ ቤትና ከመንግሥት ጎተራ በሚመጣ ደመወዝና ስንቅ ሲሆን፣ ባሕር ነጋሹ ግን የጦሩም የክብሩም ምንጭ በግዛቱ ውስጥ ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ ለምናየው ክሥተት ቁልፍ ነው።

የ1557 ፈተና

ሥርዓቱ ወዳጅ ሲመጣ በር፣ ጠላት ሲመጣ መዝጊያ እንዲሆን የተሠራ ነበር። በ1541 በክሪስቶቫን ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋላውያን ምጽዋ ሲወርዱ በርነቱ ታየ። ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ተቀብሎ ወደ ደጋ አወጣቸው፤ ክረምቱን በድባርዋ አሳለፉ፤ እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀላቀሏቸው። በ1543 ኢማም አሕመድ ወይና ደጋ ላይ እስኪወድቁ ድረስ ለተደረገው ዘመቻ ይህ በር መከፈቱ ወሳኝ ነበር።

ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የመጣው ጠላት ግን ሥርዓቱ ከሚያውቃቸው ወራሪዎች የተለየ ነበር። ኦቶማኖች ግብፅን በ1517 ከያዙ ወዲህ በቀይ ባሕር ላይ ቋሚ መርከቦች፣ መድፍና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስንቅ ነበራቸው፤ በ1555 የሐበሻ ኤያሌት የሚባል የአስተዳደር ክፍል አቋቁመው ነበር። የደጋው ጥበቃ የተመሠረተው ከመርከብ የወረደ ሰው ቶሎ ይራባል፣ ይጠማል በሚል እውነታ ላይ ነው። መርከብ ስንቅ ማመላለስ ሲጀምር ይህ እውነታ በጠረፉ ላይ ኃይሉን አጣ፤ በደጋው ላይ ግን እንደጸና ቆየ። ውጤቱም ይህንኑ መሰለ። ኦቶማኖች በድባርዋ ምሽግ ሠሩ፤ የይስሐቅንና የሕዝቡን ግፊት ሊቋቋሙ ስላልቻሉ ግን ወደ ጠረፉ ተመለሱ። ምጽዋና ሕርጊጎ በእጃቸው ቀሩ።

ይህን ውጤት ሽንፈት ብቻ ብሎ መጥራት ትክክል አይሆንም። ሹመቱ ለተቋቋመለት ዓላማ፣ ማለትም ከባሕር የመጣ ኃይል ደጋውን እንዳይዝ ለማድረግ፣ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። በቂ ያልሆነው ቀረጡን ለማስጠበቅ ነው። ወደቡ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ባሕር ነጋሹ ጦሩን የሚያኖርበት ገቢ፣ ከሁሉም በላይ የጦር መሣሪያ የሚያገኝበት መንገድ፣ በጠላቱ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ካራውዚዩስና ይስሐቅ

በሮም በኩል ተመሳሳይ አጣብቂኝ የገጠመው ሰው ካራውዚዩስ ይባላል። ዛሬ ቤልጅግ ከሚባለው አካባቢ የተወለደ የባሕር ሰው ሲሆን፣ በ285 ወይም በ286 ማክሲሚያን ባሕሩን ከፍራንኮችና ከሳክሶኖች እንዲያጸዳ ሾመው። የማክሲሚያን የበላይ ተባባሪ ዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ ዘመነ ሰማዕታት የሚቆጠረው ከእርሱ መንገሥ ጀምሮ ነው። ካራውዚዩስ ሥራው ተሳካለት። ብዙም ሳይቆይ ግን ተከሰሰ፦ ወራሪዎቹ ሲገቡ ዝም ብሎ እያሳለፈ፣ ሲመለሱ ይይዛቸዋል፣ የተገኘውንም ምርኮ ለባለቤቶቹም ለግምጃ ቤቱም አይመልስም የሚል ነበር ክሱ። ሞት ሲፈረድበት መርከቦቹንና ጦሩን ይዞ በብሪታንያ ነገሠ። በ293 የራሱ ሹም አሌክቱስ ገደለው፤ ብሪታንያ ወደ ሮም የተመለሰችው በ296 ነው። የፔቨንሲ ምሽግ መሠረት እንጨቶችና ከሥራቸው የተገኙት ሳንቲሞች ግንቡ የተጀመረው በዚሁ የዓመፅ ዘመን እንደሆነ ያመለክታሉ። ለወራሪ መከላከያ የታሰበው ዳርቻ በማእከላዊው መንግሥት ላይ የሚዞር ምሽግ ሆኖ ነበር።

የይስሐቅ ታሪክ በዝርዝሩ ይለያል፤ በአካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ለገላውዴዎስ የታመነ አዛዥ ነበር። ገላውዴዎስ በ1559 ከሞተ በኋላ ግን በወንድሙ በሚናስ ላይ ተነሣ፤ የንጉሡን የወንድም ልጅ ተዝካረ ቃልን ለመንበር አጨ። ተዝካረ ቃል ተይዞ ሲገደል ይስሐቅ ያባረራቸውን ኦቶማኖች አጋር አደረገ። በ1562 በመድፍና በጠመንጃቸው ታግዞ የሚናስን ጦር አሸነፈ፤ ድባርዋንም አሳልፎ ሰጠ። ከሠርፀ ድንግል ጋር ለጥቂት ጊዜ ከታረቀ በኋላ እንደገና ከኦቶማኖች ጋር ወገነ፤ በ1578 መጨረሻ ገደማ በተደረገው ጦርነት ከኦቶማኑ ፓሻ ጋር ወደቀ። ድባርዋ ላይ የነበረው ምሽግም ፈረሰ።

በሁለቱም ላይ የተጻፈው የአሸናፊዎቻቸው ቃል ነው። ስለ ካራውዚዩስ የሚነግሩን ተቀናቃኞቹን የሚያወድሱ ንግግሮችና ከዚያ በኋላ የተጠናቀሩ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ስለ ይስሐቅ ዓመፅ በሰፊው የሚተርከው የሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ነው። ሆኖም በሁለቱም በኩል ሌላ ድምፅ አለ። ካራውዚዩስ ካሠራቸው ሳንቲሞች አንዱ እርሱን ከዲዮቅልጥያኖስና ከማክሲሚያን ጋር ወንድም አድርጎ ያሳያል፤ ራሱን የሚያየው እንደ ከሃዲ ሳይሆን እንደ ሦስተኛ ንጉሥ ነበር። የይስሐቅንም መልክ ከክሪስቶቫን ዳ ጋማ ጋር የዘመተው ሚጌል ዴ ካስታንዮሶ የተወው ትረካ በሌላ ብርሃን ያሳየናል፤ በዚያ ትረካ ውስጥ ይስሐቅ ለንጉሡና ለእቴጌይቱ የታመነ ታላቅ ሹም ነው። ክሕደት የሚለውን ቃል ከምንጩ ቀድተን ከመድገማችን በፊት ይህን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል።

የሁለቱን ሰዎች ጠባይ ወደ ጎን ብንተወው የሚቀረው የሹመቱ ባሕርይ ነው። ሩቅ ዳርቻን የሚጠብቅ አዛዥ ከማእከል ትእዛዝ ሳይጠብቅ መንቀሳቀስ አለበት፤ ስለዚህ ብዙ ግዛት በአንድ እጁ ይሰጠዋል። ጦሩን ማኖር አለበት፤ ስለዚህ ገቢው በእጁ ይሆናል። ከጠላት ጋር ዘወትር ይገናኛል፤ ስለዚህ ከጠላት ጋር መደራደርን ከማንም በላይ ያውቃል። ዳርቻውን እንዲጠብቅ ያስቻሉት እነዚህ ሦስት ነገሮች ከማእከሉ ለመገንጠልም ያስችሉታል። ማእከሉ ሥልጣኑን ቢቀንስበት ዳርቻው ይከፈታል፤ ባይቀንስበት ደግሞ ዕጣው በአዛዡና በንጉሡ መካከል ባለው መተማመን ላይ ይወድቃል። ገላውዴዎስና ይስሐቅ ያ መተማመን ነበራቸው፤ ሚናስና ይስሐቅ አልነበራቸውም።

ልዩነቱና የኋላው መዘዝ

ንጽጽሩ የሚያበቃበት ቦታ አለ። ሮም ካራውዚዩስን ካስወገደች በኋላ መርከብ ሠርታ ያጣችውን ደሴት መለሰች። ሠርፀ ድንግል ይስሐቅን አሸነፈ፣ በ1589ም እስከ ሕርጊጎ ወርዶ ጠረፉን መታ፤ ምጽዋን ግን ማስለቀቅ አልቻለም። ዓመፀኛውን ማጥፋት የየብስ ጦርነት ነበር፣ ወደቡን ማስመለስ ግን የባሕር ሥራ ነው፤ መርከብ የሚሰበሰብበት ወደብ ደግሞ በጠላት እጅ ነበር። በካሌብ ዘመን ያየነው ሁኔታ ተገለበጠ።

የባሕር ነጋሽ ሹመት ከይስሐቅ በኋላ አልጠፋም፤ የቀድሞ ክብደቱን ግን አጣ። የጠረፉ አስተዳደርም ውሎ አድሮ በኦቶማኖች ስም በሕርጊጎ ናይቦች እጅ ገባ። እነዚህ ናይቦች የበለው ተወላጆች ሲሆኑ ኃይላቸው የተመሠረተው ውሃውንና የግመል መንገዱን በመያዝ ላይ ነበር። ኦቶማኖች ደሴቷን በመድፍ ሊይዙ ቢችሉም ከየብስ በሚመጣው ውሃና ስንቅ ላይ መመካታቸው አልቀረም፤ በዚህም የባሕር ነጋሹ ሥርዓት የቆመበት እውነታ ባለቤቱን ቀይሮ ቀጠለ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራስ አሉላ በዚሁ ስፍራ ቆሙ። መቀመጫቸው አሥመራ ነበር፤ ምጽዋን ከደጋ ይመለከቱ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1884 የተፈረመው የዐድዋ ውል በምጽዋ በኩል የጦር መሣሪያ ጭምር ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ቃል ቢገባም፣ በየካቲት 1885 ጣሊያን ወደቡን ያዘ። በጥር 1887 አሉላ ከጠረፉ ወደ ውስጥ የሚገፋውን ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱ፤ ምጽዋ ግን በጣሊያን እጅ ቆየች። ከ1557 በኋላ የሆነውና ከ1885 በኋላ የሆነው በአቀማመጣቸው አንድ ናቸው፦ ደጋው ይመታል፣ ደሴቱ ይጸናል።

ማጠቃለያ

ባሕር ነጋሽ የሚለው ማዕርግ ባዶ ስም አልነበረም። መርከብ የለውም ተብሎ የሚናቅም አይደለም፤ የሳክሶን ዳርቻ አዛዥም በመዝገብ የተጻፈለት የመርከብ ጓድ የለውም። ሁለቱም ባሕርን ከየብስ የሚጠብቁ ሹማምንት ነበሩ። ልዩነታቸው ሮም ጥበቃውን በውሃው ጠርዝ ላይ በግንብ ስታቆም፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት በአቀበቱ ራስ ላይ በሰፋሪ ጦርና በመንገድ ቁጥጥር ማቆማቸው ነው። የሁለተኛው ምርጫ ዋጋ ደሴቶቹና ወደቦቹ ለመርከብ ባለቤት ክፍት መሆናቸው ሲሆን፣ ጥቅሙ ደግሞ ከባሕር የመጣ ኃይል ደጋውን በቀላሉ አለመያዙ ነበር።

ከዚህ የሚከተለው ለወደፊት ጥናት የሚጠቅም የአቅጣጫ ለውጥ ነው። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ቀይ ባሕር ስንጽፍ ዘወትር የምናነሣው ጥያቄ መንግሥቱ ባሕር ኃይል ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚል ነው። ምንጮቹ የተሻለ መልስ የሚሰጡት ለሌሎች ጥያቄዎች ነው፦ በየዘመኑ የወደቡን ቀረጥ ማን ሰበሰበ? አቀበቱን የጠበቀው ጦር ከየት መጣ፣ በምንስ ኖረ? በአዛዡና በንጉሡ መካከል መሣሪያና ገቢ እንዴት ተከፋፈለ? የመሬት ስጦታ ሰነዶችን፣ የገዳማት መዛግብትንና የኦቶማን የግምጃ ቤት መዝገቦችን በእነዚህ ጥያቄዎች ማንበብ የዳርቻውን ታሪክ ከጀግናና ከከሃዲ ትረካ አውጥቶ ወደ ተቋም ታሪክ ያሸጋግረዋል። የይስሐቅም ጉዳይ ፍትሐዊ ፍርድ የሚያገኘው በዚያ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ነው።